ውሃ ውስጥ ናት

መርዶ መንገር እንደማልችል ሴንት ፖል ውስጥ ያለ ያገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ስምንት ዓመት ሆኖታል። በጥር ብርድ፣ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለ አንድ ማደያ ቤንዚን ስቀዳ ምንዳዬ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችንን ሰው አገኘሁት። ወንድሙ አገር ቤት ማረፉን ከአንድ ቀን በፊት ሰምቼ ነበር፤ እሱም ተነግሮታል ብዬ አሰብኩ። ጓንቴን አውልቄ እጁን ያዝኩና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። «ምን ሆንኩና?» አለኝ። ስንተባተብ ፊቴን አይቶ ገባው። እዚያው በረዶው ላይ ዘጭ አለ።

ሦስት ሰው ሆነን አነሳነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲሞት እኔ የምሰማው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ «ቢራቱ መጣ» ይባባላሉ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማንን በቫን ከቤታቸው ወደ እጥበት አመላልሳለሁ፤ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። በዚህ በአንዱ ነገር ግን የማልታመን ሰው ሆኜ ቀረሁ። ቆጭቶኛል፤ ቁጭቱንም ደብቄ አላውቅም።

ለማያውቅ ላስረዳ። በኛ ዘንድ ሰው በስልክ አይሞትም። መጀመሪያ ያመዋል። ቀጥሎ ሆስፒታል ይገባል። ቀጥሎ ይጠናበታል። ይህም ቢሆን የሚነገረው ለሟቹ ልጅ ወይም ወንድም አይደለም፤ ለባል፣ ለሚስት ወይም ለጎረቤት ነው። ያ ሰው ነገሩን በሆዱ ይዞ ሽማግሌዎችን ያዘጋጃል። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ሐዘንተኛው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ በሩ ይንኳኳል፤ በግራና በቀኝ የሚደግፈው ሰው ቆሞለት ነው የሚሰማው። ልጄ ዱረቲ ይህን ውሸት ነው ትለዋለች። እዚህ ተወልዳ ነው ያደገችው፤ አልፈርድባትም።

ባለቤቴ የምሥራች ሚኒያፖሊስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ጉልበቷ ተጎዳ፤ ሐኪሟም ዋና አዘዘላት። ሜፕልዉድ ወዳለ የሕዝብ መዋኛ መሄድ ጀመረች። በመጀመሪያው ወር የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ እንደምትውል ራሷ ነግራኛለች። በሁለተኛው ዓመት ገንዳውን ሃያ ጊዜ ተመላልሳበት ርቧት ትመጣለች። እዚያው ገንዳ ጥልቁ ጫፍ ላይ የአየር ሲሊንደር አዝለው መጥለቅ የሚማሩ ሰዎች ነበሩ። ቆማ አየቻቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመዘገበች። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

እኔ ሳቅሁባት። ነቀምቴ ምን ባሕር አለና ነው አልኳት። የመጥለቂያውን መማሪያ መጽሐፍ ከሥራ መልስ እያነበበች፣ የማይገባትን ዱረቲን እየጠየቀች ፈተናውን አለፈች፤ የቀራት ባሕር ውስጥ የሚደረገው የመጨረሻው ልምምድ ብቻ ሆነ። ሃምሳ ሲሞላት ዱረቲ ለሁለታችን የአንድ ሳምንት ጉዞ ገዛችልን። የሄድንባት ሆንዱራስ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ባሕሩ ዳር አሥራ ሁለት ጎጆዎች፣ አንድ ምግብ ቤት፣ አንድ የእንጨት መርከብ ማቆሚያ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ዱረቲ ጸጥ ያለ ቦታ መርጣ ነው፤ እኔ ግን ስደርስ ሰዉ ሁሉ ጥሎት የሄደ መንደር ነው የመሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ገባን። እሑድ የምሥራች እንደ ልማዷ እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ አዴ ኢቢሴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ነቀምቴ ከታናሽ ወንድሟ ከዲንሳ ጋር ይኖራሉ። በደሴቲቱ ላይ ኢንተርኔት የሚያገኘው ምግብ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ይቆራረጣል። አልገናኝ ሲላት በቴሌግራም ድምጿን ቀድታ ላከችላቸው። ነገ ባሕር ውስጥ እንደምትገባ፣ አብሯት የሚሆን አዋቂ ሰው እንዳለ፣ የሚቀጥለው እሑድ ከቤቷ ደውላ ሁሉንም እንደምትነግራቸው በኦሮምኛ ስታወራ ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ እሷ ጎጆው ውስጥ የዋና ልብሷን ስትለብስ እኔ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ዲንሳ ነው። ዲንሳ የሚደውለው ለእህቱ ነው፤ ለኔ ደውሎ አያውቅም።

«ጋሼ፣ እህቴ አጠገብህ አለች?» አለኝ።

የለችም አልኩት።

«እማዬን አሟት ሆስፒታል አስገብተናታል። እንዳታስደነግጣት። መቼ ነው የምትመለሱት?»

ቅዳሜ እንደምንገባ ነገርኩት። ድምፁ ተሰብሯል። ከበስተኋላው የብዙ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ረጋ ስትል እንድትደውል፣ እናታቸው ስለ እሷ እየጠየቁ እንደሆነ ነገረኝና መስመሩ ተቆረጠ።

እንግዲህ ምን ልበል? ሁሉም ነገር በደንቡ ነበር። ለኔ መደወሉ፣ አጠገብህ አለች ወይ ማለቱ፣ ሆስፒታሉ፣ የመመለሻ ቀናችንን መጠየቁ፣ የሴቶቹ ድምፅ። እማዬ ስለ እሷ ትጠይቃለች ያላትን ነገር እንኳ አደነቅኩለት፤ ልጅ እግር ሆኖ እንዴት አሳምሮ ይዞታል አልኩ። መልሼ ደውዬ እውነት አርፈዋል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። ከማደያው ወዲህ ደግሞ እኔ በሞት ነገር ማንንም ምንም አልጠይቅም።

አማቴን እወዳቸው ነበር። ሠርጋችን ላይ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ወሬ ታበዛለህ» ያሉኝ ሴት ናቸው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ዞሬ ትንሽ አለቀስኩ፤ ፊቴን በባሕሩ ውሃ ታጥቤ ተመለስኩና የቤተ ክርስቲያናችን መሪ ፓስተር ሐጌ ጋ ደወልኩ። በየምሥራች እናት ጉዳይ ዲንሳ ደውሎልኛል አልኳቸው። ፓስተር በረጅሙ ተነፈሱ። እሳቸው ሌላ አልጠየቁም፣ እኔም ሌላ አልጨመርኩም። እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኝ፣ እስከዚያ አንተ ቻለው ብለው ዘጉ። በስምንት ዓመት ውስጥ በእንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲያምነኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። አማቴ ሞተዋል ብዬ አምኜ ደስ አለኝ፤ የሆነውን ነው የምናገረው።

ከእንግዲህ ሥራዬ አንድ ነበር። የምሥራች እስከ እሑድ ማለዳ ድረስ ስልክ መንካት የለባትም። ወሬ በስልክ ሾልኮ ከገባ፣ በባዕድ አገር፣ አንድም የሚደግፋት ሴት በሌለበት አሸዋ ላይ ልትወድቅ ነው። ምንዳዬ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አላይም አልኩ።

ጎጆአችን ውስጥ በቁጥር የሚቆለፍ ትንሽ የብረት ሣጥን ነበረ። የመጣነው ለማረፍ ነው፣ ስልካችንን እዚህ እንቆልፈውና ቤት ስንገባ እናውጣው አልኳት፤ ያንቺንም የኔንም። ቆማ አየችኝ። ለዓመታት ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ ፖለቲካ ሳዳምጥ አጠገቤ ተቀምጣ ብቻዋን ስታወራ የኖረች ሴት ናት። ስልኳን አጥፍታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፤ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። ግንባሬን ሳመችኝና ወደ ባሕሩ ሮጠች። አንጀቴን በላችው።

እኔ ዋና አልችልም። የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ አለበሱኝ፣ አፍንጫ ድረስ የሚሸፍን መነጽርና የሚተነፈስበት ቱቦ ሰጡኝ፣ እግሬ ላይ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ ጫማ አጠለቁልኝ። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ መሪያችን፣ አጭርና ትዕግሥተኛ የደሴቲቱ ሰው፣ ደህና ነህ ወይ አለኝ። እኔም እኛ ሁልጊዜ እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኩት። ማዕበሉ ከንፈሬ ላይ ነበርና አብሮ ገባ። ሳልኩ፣ አስታወከኝ። ደህና ነህ አለኝ እንደገና፤ እኔም እንደገና ትንፋሼን ስቤ መለስኩለት። የምሥራች በሳቅ ፈረሰች። ሰውዬው አገራችን ውስጥ አዎ የሚባለው በመስመጥ መስሎት እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ራሴን ብቻ እንድነቀንቅ አዘዘኝ።

እሷ ወደ ታች ወረደች፤ እኔ እንደ ግንድ ተንሳፍፌ ከላይ አያታለሁ። ውሃው እስከ ታች ድረስ ይታያል። መጀመሪያ አሸዋው፣ ከዚያ ኮራሉ፤ ድንጋይ ይመስላል ግን ሕይወት አለው፤ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ የበሰለ ሽሮ መልክ፣ አንዱ እንደ ሰው አንጎል የተጥመለመለ። አፉ የበቀቀን አፍ የመሰለ አረንጓዴ ዓሣ ኮራሉን ሲቆረጥም ኩርሽም የሚለው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። የምሥራች ከመሪው ጎን ዝግ ብላ ትሄዳለች፤ ጉልበቷ የሚያማት ሴት አትመስልም። የትንፋሿ አረፋ እየተንከባለለ ወጥቶ ሆዴ ሥር ይፈነዳል። እኔም አረፋውን እየጠበቅኩ፣ ሲዘገይ እየደነገጥኩ፣ ሲመጣ እየተረጋጋሁ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ስትወጣ መሪው የመጨረሻውን ልምምድ ማለፏን ነገራት፤ መነጽሯን ሳታወልቅ አቀፈችኝ።

ጠዋት ሁለት ጊዜ ነው የሚጠለቀው፤ ከዚያ በላይ ለጤና ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ከሰዓቱን እኔ መሙላት ነበረብኝ። ምሳ እንደበላን ነይ እንግባ እላታለሁ፣ በቱቦና በመነጽር ብቻ ዳር ዳሩን እንሄዳለን። ሲደክማት የዓሣዎቹ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ከምግብ ቤቱ አመጣና ዛሬ ያየሽውን አሳዪኝ እላታለሁ። ለአንድ ትርፍ ደቂቃ እንኳ ባዶ እጇን አልተውኳትም። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አለችኝ ማክሰኞ ዕለት። ደስ ብሏት ነው የጠየቀችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልሰጠኋትን ነገር በአንድ ሳምንት መክፈል የጀመርኩ መስሏት ይሆናል።

እሷ ገላዋን ስትታጠብ ስልኬን ከሣጥኑ አወጣና ምግብ ቤቱ ጋ እሮጣለሁ። ማክሰኞ ዲንሳ ጽፎልኝ አገኘሁ፤ እህቴ አልደወለችም፣ እማዬ እየጠበቀቻት ነው ይላል። «ውሃ ውስጥ ናት፤ አታስብ፣ እኔ አለሁ» ብዬ መለስኩ። ረቡዕም ጻፈልኝ፣ ያንኑ። አሁንስ አበዛው አልኩ በሆዴ። አጠገቡ የሚያነብበት ሰው ይኖራል፣ ለደንቡ ነው የሚጽፈው ብዬ ደመደምኩ። «ዛሬም ውሃ ውስጥ ናት» አልኩት። እሺ ጋሼ፣ ስትወጣ፣ አለኝ።

የከበደኝ ሥራው አልነበረም። የከበደኝ የእሷ ወሬ ነው። ራት ላይ ተቀምጣ እሑድ ለእናቷ የምትነግረውን ነገር ትሰበስባለች። ከንፈሩ ወፍራም የሆነውን ዓሣ ብነግራት አታምነኝም ትላለች። ባሕር ውስጥ መኖሪያ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የሚጣላ አለ ብዬ እነግራታለሁ ትላለች። እማዬ ወንዝ ሲሞላ ቆማ ማየት እንኳ የማትወድ ሰው ናት፤ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጭና ነው የምታዳምጠኝ ትላለች። እኔ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬ እሰማለሁ። ነቀምቴ ግቢው ውስጥ የተተከለው ድንኳን፣ በጎረቤት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው፣ ሁሉም ይታየኛል። ምን ሆንክ ስትለኝ ምንም የለም፣ ሙቀቱ ነው እላታለሁ።

ሐሙስ የባሕር ኤሊ አየን። የምሥራች ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ኤሊው በመካከላችን። ትልቅ ነው፤ ጀርባው ላይ ሣር በቅሏል። ማንንም ሳይፈራ ቀስ እያለ አየር ሊስብ ወደ እኔ ወጣ፤ አፍንጫውን ከውሃ አውጥቶ ተነፈሰ፤ እንደ ሽማግሌ ነው የተነፈሰው። ከዚያ ተመልሶ ወደ እሷ ወረደ። የምሥራች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ደስ ያለኝ ዱረቲ ስትወለድ ብቻ ነው። በሐዘኗ ላይ ቆሜ መደሰቴ አሳፍሮኛል፤ ግን ደስታው አልቀነሰም።

የዚያን ዕለት ዲንሳ፣ ጋሼ እባክህ ደውልልኝ፣ ብሎ ጻፈ። ብሞክር መስመሩ እምቢ አለ። እሑድ ማለዳ እንደሚነገራት፣ ፓስተር ሐጌም እንደሚያውቁ ጻፍኩለት። እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ያለ ማስመሰል የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው ብዬ ልቤ ቀለለኝ።

ሲሊንደር አዝሎ የጠለቀ ሰው አንድ ቀን ሳያርፍ አውሮፕላን አይሳፈርም። ስለዚህ ዓርብን በእግር ዞርን። የኤሊውን ፎቶ ዱረቲ ጋ እንድልክላት ስልኬን ስጠኝ አለችኝ፤ መሪያችን ከታች ያነሳውን ፎቶ ሊሰጣት ነበር። ነገ ቤት እንገባለን አይደል፣ አንድ ቀን ምን አላት አልኳት። ሳቀችና ተወችው። ቅዳሜ ሁለት አውሮፕላን ቀይረን ሚኒያፖሊስ ስንወርድ ዱረቲ መኪና ይዛ ጠበቀችን። ዱረቲም ምንም አልሰማችም ነበር። የምሥራች በመንገድ ላይ እስክንደርስ ስለ ኤሊው አወራች፤ ቤት እንደገባን ሻንጣዋን ሳትፈታ እንቅልፍ ወሰዳት። ስልኳ ባትሪ ጨርሷል ብዬ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀርቼዋለሁ።

እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ለብሼ ተቀምጬ ስለነበር ሁለተኛ ሳይንኳኳ ከፈትኩ። ፓስተር ሐጌ፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፤ ከኋላቸው የፓስተር ባለቤት ሄደው ያመጧት ዱረቲ፣ ዓይኗ ቀልቶ። የምሥራች በሌሊት ልብሷ፣ ሻሽ እያሰረች ወጣች። እነሱን አየች። ምን ሆናችሁ አላለችም።

«ማን ነው?» አለች።

«እማማ ኢቢሴ ወደ ጌታ ሄደዋል» አሉ ፓስተር።

የፓስተር ባለቤት በአንድ በኩል፣ ዱረቲ በሌላ በኩል ያዟት። እናቷን በኦሮምኛ እየጠራች ጮኸች። ወለሉ ላይ በቀስታ አስቀመጧት፤ የፓስተር ባለቤት ራሷን ጭናቸው ላይ አደረጉላት፤ ሽማግሌዎቹ ጸለዩ። አልወደቀችም፣ አልተጎዳችም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሁሉም ነገር እንደሚገባው ሆነ። እንባዬ እየወረደም ቢሆን፣ ያን ጊዜ ኮርቼ ነበር።

ለቅሶው በረድ ሲል ዱረቲ ቀና አለችና ክፍሉ ውስጥ ካለነው ማንም የማይጠይቀውን ጠየቀች።

«ፓስተር፣ ዌን፣ መቼ ነው የሞተችው?»

ፓስተር ዞር ብለው አዩኝ። «ሐሙስ» አሉ።

«ሰኞ» አልኳቸው። ቀኑ የተምታታባቸው መስሎኝ ነው፤ ላርማቸው ብዬ ነው።

ፓስተር የተናገሩት ዝግ ብለው ነው። «ሐሙስ ነው፣ ወንድም ቢራቱ። ዲንሳ ራሱ በዚያው ቀን ደውሎ ነገረኝ። ላገኝህ ሞክሬ ስልክህ አልሠራ አለኝ።»

ሰኞ አሟት ነው ያለኝ፣ አሟቸው ነበር። ሆስፒታል ገብታለች ያለኝ፣ ገብተው ነበር። የሰማኋቸው ሴቶች የሌላ በሽተኛ አስታማሚዎች ናቸው። ስለ እሷ ትጠይቃለች ያለኝ፣ ሴትዮዋ በሕይወት ተኝተው ስለ ልጃቸው ይጠይቁ ነበር። ሐሙስ ደውልልኝ ያለኝ፣ ያን ጊዜ ነው የሞቱት። ዲንሳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አልዋሸኝም።

የምሥራች ራሷን ከፓስተር ባለቤት ጭን ላይ አነሳች። «ሰኞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ዲንሳ ሰኞ ደውሎልኝ እንደነበር ነገርኳት። አሟታል እንዳለኝ ነገርኳት። «እና?» አለች። አርፈዋል ብዬ ነው፣ አልኳት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እነሱም በኔ ቦታ ቢሆኑ ያንኑ እንደሚያስቡ ያውቁታል፤ ስለዚህ ሊቆጡኝ አልቻሉም። ዱረቲ ብቻ አልገባትም፤ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች።

«ስልኬን አምጣልኝ» አለች የምሥራች።

መኝታ ቤት ገብቼ ከሻንጣው አወጣሁት፣ ቻርጀር ሰካሁና ከፈትኩት። የቤታችን ኢንተርኔት ፈጣን ነው። ከዲንሳ የተላኩ የድምፅ መልእክቶች ተደርድረው ገቡ፤ ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ አንድ። ሐሙስ የለም። አውራ ጣቴን ላያቸው ላይ አደረግኩ። ማጥፋት ይቻላል። ዲንሳ ሩቅ ነው፣ ማን ያውቃል አልኩ። የከለከለኝ ጽድቅ አይደለም፤ ዱረቲ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ስልኩን ወስጄ ሰጠኋት። የመጀመሪያው ዲንሳ ነው፤ አትደንግጪ፣ እማዬ ትንሽ ትንፋሽ አጥሯት ነው፣ ድምፅሽን መስማት ትፈልጋለች ይላል። ከሁለተኛው ጀምሮ አዴ ኢቢሴ ናቸው። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ከዱረቲ በቀር ሁላችንም ኦሮምኛ እንሰማለን። ሰኞ ዕለት ስሟን እየደጋገሙ ጠርተው ቆሙ። ማክሰኞ ዕለት ዲንሳ ውሃ ውስጥ ናት አለኝ፣ ደስ ይበላት፣ አትጥሯት፣ አሉ። የምሥራች የረቡዕን ከመክፈቷ በፊት ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ዛሬም ውሃ ውስጥ ናት አሉኝ። አትቸኩዪ ልጄ። እኔ እጠብቃለሁ። ስትወጪ መጀመሪያ ፀጉርሽን አድርቂ፤ እርጥብ ፀጉር ይዘሽ ነፋስ ላይ እንዳትቆሚ። ከዚያ ደውይልኝ።»

ሌላ አልነበረም። የምሥራች ስልኩን ወለሉ ላይ በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችው። አታለቅስም። የፓስተር ባለቤት ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ፤ በቀስታ ገለል አደረገቻቸው። ወደ እኔ ዞረች።

«ቢሬ» አለችኝ፣ «ስንት ቀን ነው ውሃ ውስጥ ያስቀመጥከኝ?»

«አራት» አልኳት።